ከልምድ ያልተቀዳ ዕውቀት

ሰው የሚያውቀው አብዛኛው ነገር በልምድ የተገኘ ነው። እሳት እንደሚፋጅ፣ ሐምሌ ዝናብ እንደሚበዛበት፣ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለው የታወቀው አንድ ሰው ነክቶ፣ አይቶ ወይም ለክቶ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ ሰው ሰምቶ ወይም አንብቦ ተቀብሎታል። ከዚህ የተለየ ዕውቀት መኖሩን ለማየት ከተራራው ምሳሌ መራቅ አያስፈልግም። ራስ ዳሽን በባሌ ከሚገኘው ቱሉ ዲምቱ እንደሚበልጥ፣ ቱሉ ዲምቱም ከእንጦጦ እንደሚበልጥ የተነገረው ሰው፣ ራስ ዳሽን ከእንጦጦ መብለጡን ለማወቅ ሌላ ቀያሽ አይልክም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁም ነገሮች ከልኬት የመጡ ናቸው። ከሁለቱ ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረውን መርህ ግን፣ ማለትም አንዱ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ከሦስተኛው ከበለጠ አንደኛው ከሦስተኛው ይበልጣል የሚለውን፣ ለክቶ ያገኘው የለም። እንዲያውም ይህን መርህ አስቀድሞ ያልተቀበለ ሰው መለካት የሚባለውን ሥራ ሊጀምረው አይችልም። ፈላስፎች ይህን የመሰለውን ዕውቀት «ኤ ፕሪዮሪ»፣ ማለትም ቅድመ ልምድ ወይም ከልምድ ነፃ፣ በልምድ የሚረጋገጠውን ደግሞ «ኤ ፖስቴሪዮሪ» ይሉታል።

«ከልምድ ነፃ» ሲባል ልምድ ጨርሶ ያልነካው ማለት አይደለም። «ወንደላጤ ሁሉ ሚስት የለውም» የሚለውን ለመረዳት ወንደላጤ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ቋንቋ ከሚናገሩ ሰዎች መካከል ኖሮ የሚለመድ ነገር ነው። ቃሉ አንዴ ከገባው በኋላ ግን ማንም ሰው የአረፍተ ነገሩን እውነትነት ለማጣራት የወንደላጤዎችን ቤት እየዞረ አያንኳኳም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ መያዝ ግድ ነው። አንደኛው፣ ይህ ሐሳብ ወደ ሰው አእምሮ እንዴት ገባ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «በምን አወቅህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል የሚል ነው። ቅድመ ልምድ ዕውቀት የሚለየው በሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ መልሱ የዓይን፣ የጆሮ ወይም የመሣሪያ ምስክርነት አይጠራም። በዚህ ርዕስ ዙሪያ ለብዙ መቶ ዓመታት የተደረገው ክርክር ግማሽ ያህሉ ሁለቱን ጥያቄዎች በማደባለቅ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄው በግልጽ ከተነሣባቸው የጥንት ድርሰቶች አንዱ የፕላቶን «ሜኖን» ነው። ሶቅራጥስ በዚያ ድርሰት ትምህርት ያልቀመሰ አንድ አገልጋይ ልጅ ያስጠራል። ጎኑ 2 ጫማ፣ ስፋቱ 4 ካሬ ጫማ የሆነ ካሬ ይሥልለትና፣ የዚህ እጥፍ ማለትም 8 ካሬ ጫማ የሚሰፋው ካሬ ጎኑ ስንት እንደሚሆን ይጠይቀዋል። ልጁ ጎኑን እጥፍ አድርጎ 4 ይላል። ሲታይ ግን ስፋቱ 16 ይሆናል። ቀጥሎ 3 ይላል፤ እሱም 9 ያመጣል። ልጁ ግራ ገብቶት አላውቅም ሲል ሶቅራጥስ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሰያፍ መስመር ያሰምርለታል፤ በዚያ ሰያፍ ላይ የሚሠራው ካሬ ልክ 8 እንደሚሆንም ልጁ በራሱ ይደርስበታል። ፕላቶን ይህን ሲያብራራ ነፍስ ከመወለዷ በፊት ያወቀችውን ማስታወሷ ነው ይላል።

ማብራሪያውን ዛሬ የሚቀበለው ጥቂት ነው። የሶቅራጥስ ጥያቄዎች መልሱን እየጠቆሙ ይመራሉ የሚለው ትችትም ፍትሐዊ ነው። ያም ሆኖ በትዕይንቱ ውስጥ ሳይናድ የሚቀር ነገር አለ። ልጁ መልሱን የተቀበለው ሶቅራጥስን ስላመነ አይደለም፤ ለምን እንደዚያ መሆን እንዳለበት ስለታየው ነው። ሥዕሉን በዓይኑ ማየቱም እውነት ነው። ነገር ግን በእጅ የተሣለ ካሬ ጎኑ የተጣመመ፣ ማዕዘኑም ትክክል ያልሆነ ነውና በጥንቃቄ ቢለካ ልክ 8 አይመጣም። ልጁ ያወቀው ግን ስለዚያ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ተሥሎ ስለማያውቅ ካሬም ጭምር ነው። ዓይን ካቀረበለት የሚበልጥ ነገር አውቋል ማለት ነው፤ ትርፉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ኢብን ሲና (980–1037) ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትኖታል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ተፈጥሮ በባዶ ቦታ ላይ ቢንሳፈፍ፣ ዓይኑ ቢሸፈን፣ እጅና እግሩም እርስ በርስ ባይነካካ፣ መኖሩን ያውቃል ወይ? ኢብን ሲና ያውቃል ይላል። ዓላማው ነፍስ ከሥጋ የተለየች መሆኗን ማሳየት ነበር፤ ምሳሌው ያን ያህል ርቆ መውሰዱ ግን ያጠራጥራል፤ ሰው ስለ ሥጋው ሳያስብ ስለ ራሱ ማሰቡ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አያስረዳም። ዴካርት በ1641 ባሳተመው «ሜዲቴሽንስ» ሁሉንም ተጠራጥሮ የማይጠረጠረውን ሲፈልግ ወደ ተቀራራቢ ቦታ ደርሷል። ሰው ስለ ራሱ መኖር ያለው ዕውቀት ቅድመ ልምድ መባሉ ግን አከራካሪ ነው። የውስጥን መመልከትም አንድ ዓይነት ልምድ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ አባባላቸውም ሚዛን ይደፋል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክርክሩ አብሮ ወደሚወለድ ዕውቀት ዞረ። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1690 ታትሞ በወጣው ታላቅ ድርሰቱ የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ በሰው አእምሮ ውስጥ ሲወለድ የተጻፈ መርህ የለም ብሎ ተነሣ። «አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሊሆንም ላይሆንም አይችልም» የሚለውን እንኳ ሕፃናት አያውቁትም፤ አብሮ የተወለደ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድመው እነሱ ያውቁት ነበር የሚል ነው መከራከሪያው። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተከተለ የመልስ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሎክ በ1704 ሲሞት ግን ማሳተሙን ተወው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1765፣ ላይብኒትዝ ራሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የላይብኒትዝ መልስ አእምሮን ሥሩ አስቀድሞ የሐውልቱን መልክ ከያዘ እብነ በረድ ጋር ያመሳስለዋል፤ መዶሻው ያስፈልጋል፣ መልኩን የሰጠው ግን መዶሻው አይደለም። ለሐሳቡ መሠረት የሆነውን ነጥብ ግን ያለ ምሳሌም ተናግሮታል። ስሜት የሚያቀርበው አንድ አንዱን ጉዳይ ብቻ ነው፤ የቱንም ያህል ቢደራረብ «ይህ የግድ ነው» የሚለውን ሊሰጥ አይችልም።

በቅርብ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች ላይ ላዩን ሲታዩ ለላይብኒትዝ የሚያደሉ ይመስላሉ። በ1992 ካረን ዊን በታተመ ጥናቷ የ5 ወር ሕፃናት አንድ አሻንጉሊት ላይ አንድ ሲጨመር ሁለት መሆኑን እንደሚጠብቁ አሳይታለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ የተሳሳተ ቁጥር ሲገኝ ሕፃናቱ ረዘም ላለ ጊዜ አፍጥጠው ያያሉ። ግኝቱ አስደናቂ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚያበረክተው ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው። አብሮ የተወለደ እምነት ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ተፈጥሮ በሰው ላይ የምታትመው ለመኖር የሚበጀውን እንጂ የግድ እውነቱን አይደለምና። በተቃራኒው ደግሞ የፓይታጎረስ ቲዎረም ከማንም ጋር አልተወለደም፤ በትምህርት የሚገኝ ነው፤ ሆኖም ማረጋገጫው ከልምድ አይደለም። ሎክ ራሱ የሂሳብን እርግጠኝነት አእምሮ በሐሳቦቹ መካከል ያለውን ስምምነት በማየቱ ያስረዳ ነበር እንጂ ብዙ ሦስት ማዕዘኖችን በመለካት አልነበረም። አብሮ መወለድን መካድና ቅድመ ልምድ ዕውቀትን መካድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከሎክ ከራሱ ይታያል።

ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም መስመሩን ይበልጥ አጠበቀው። በ1748 ባሳተመው ድርሰቱ የሰው ልጅ የሚመረምረውን ሁሉ ለሁለት ከፈለ፤ በሐሳቦች መካከል ያለ ዝምድናና በእርግጥ ሆኖ የሚገኝ ነገር። የመጀመሪያው በማሰብ ብቻ ይታወቃል፤ ሁለተኛው ያለ ልምድ ከቶ አይታወቅም። አዳም አእምሮው ፍጹም ሆኖ ቢፈጠር እንኳ የውኃን ጥራትና ፈሳሽነት ብቻ አይቶ ሰውን እንደሚያሰጥም ሊያውቅ አይችልም ነበር ይላል ሂዩም። ምክንያትና ውጤትን የሚያገናኘው መደጋገም ያስለመደው የአእምሮ ጠባይ ነው። ይህ ከሆነ «የሚሆነው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው» የሚለው መርህ በሁለቱም ክፍል ቦታ ያጣል፤ በቃል ትርጉም አይረጋገጥም፣ ሁሉንም ነገር አይቶ የጨረሰ ሰውም የለም።

ኢማኑኤል ካንት (1724–1804) የተነሣው ከዚህ ነው። በ1781 ያሳተመውና በ1787 አሻሽሎ ያወጣው «የንጹሕ አእምሮ ሂስ» በዚህ ርዕስ ላይ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረ ድርሰት ነው። ካንት ፍርዶችን ገላጭና አስፋፊ ብሎ ይለያቸዋል። «ወንደላጤ አላገባም» ገላጭ ነው፤ ማሰሪያው በባለቤቱ ውስጥ ያለውን ፈልቅቆ ከማውጣት በቀር የሚጨምረው የለም። «ይህ ድንጋይ ከባድ ነው» አስፋፊ ነው፤ አዲስ ነገር ይጨምራል። ገላጭ ፍርዶች ያለ ልምድ መታወቃቸውን ሂዩምም አይክድም። የካንት ጥያቄ አስፋፊ ሆነው ያለ ልምድ የሚታወቁ ፍርዶች እንዴት ይገኛሉ የሚል ነው። 7 እና 5 ሲደመሩ 12 መሆናቸው እንደዚያ ነው ይላል፤ የ7ን፣ የ5ንና የመደመርን ሐሳብ ብቻ ቢተነትኑት 12 አይወጣም። በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መስመር ቀጥታው መሆኑ፣ ለሁነት ሁሉ ምክንያት መኖሩም እንዲሁ።

የካንት መልስ ድፍረት የተሞላ ነው። ሕዋና ጊዜ የሰው ስሜት ነገሮችን የሚቀበልባቸው መልኮች ናቸው፤ ምክንያትና ውጤትም አእምሮ የተቀበለውን የሚያስተሳስርበት ሕግ ነው። ማንኛውም ልምድ በእነዚህ ውስጥ ሳያልፍ ልምድ ሊሆን ስለማይችል፣ ሰው ስለሚያጋጥመው ነገር ሁሉ አስቀድሞ አንዳንድ ነገር ማወቅ ይችላል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። የሚታወቀው ነገሮች ለሰው የሚገለጡበት ሁኔታ ብቻ ይሆንና በራሳቸው ምን እንደሆኑ ከዕውቀት ውጪ ይቀራል። ስለ እግዚአብሔር መኖርና ስለ ነፍስ አለመሞት በንጹሕ ማሰብ ማስረጃ ማቅረብ የሚቻል ይመስላቸው የነበሩት የዘመኑ ሊቃውንት በዚህ መጽሐፍ በራቸው ተዘጋ። ካንት እነዚህን በሥነ ምግባር እምነት በኩል መልሶ ያመጣቸዋል፤ ዕውቀት ብሎ ግን አይጠራቸውም።

የካንት ሕንጻ የተሰነጠቀው እጅግ አስተማማኝ በሚመስለው ማዕዘኑ፣ በጂኦሜትሪ በኩል ነው። ከጥንቱ የጂኦሜትሪ ሊቅ ከዩክሊድ መሠረተ ሐሳቦች አንዱ፣ ከአንድ መስመር ውጪ ባለ ነጥብ በኩል ለዚያ መስመር ትይዩ የሚሆን አንድ መስመር ብቻ ያልፋል ከማለት ጋር እኩል ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሊቃውንት ይህን ከሌሎቹ ለማውጣት ሞክረው አልሆነላቸውም። በ1829 የካዛኑ ሎባቼቭስኪ፣ በ1832 ሃንጋሪያዊው ቦያይ ይህ መሠረተ ሐሳብ የማይሠራበትን፣ እርስ በርሱም የማይጋጭ ጂኦሜትሪ አሳተሙ። በ1854 ሪማን ስለ ጠመዝማዛ ሕዋ የሚናገር ሰፊ ጽንሰ ሐሳብ አቀረበ። አይንስታይን በ1915 ባጠናቀቀው የአጠቃላይ አንጻራዊነት ትምህርቱ የስበት ኃይልን በዚህ ጠመዝማዛነት አስረዳ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1919 በደረሰው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በአፍሪካ ምዕራብ በምትገኘው በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚሏ ሶብራል የተሰማሩ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መታጠፉን መዝግበው ውጤቱ ከአይንስታይን ስሌት ጋር መስማማቱን አስታወቁ።

ከዚህ በኋላ ዓለማችን ያለችበት ሕዋ የግድ የዩክሊድ ነው ማለት የሚቻል አልሆነም። ካንት የግድ ያለው ነገር የግድ ካለመሆኑም በላይ እውነት አልነበረም። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ቅድመ ልምድ ዕውቀት የሚባለው ሁሉ እንዲሁ ይፈርሳል ይላሉ፤ ይህ ግን ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። የዩክሊድ መሠረተ ሐሳቦች ከተያዙ የሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ድምር የሁለት ቀጤ ማዕዘን እኩያ መሆኑን የ1919ኙ ግርዶሽ አልነካውም፤ ሊነካውም አይችልም። የሎባቼቭስኪ ጂኦሜትሪ ራሱ የተገኘው በቴሌስኮፕ ሳይሆን በማሰብ ነው። የወደቀው ቅድመ ልምድ ዕውቀት አይሳሳትም የሚለው እምነት ነው፤ ይህም መውደቁ መልካም ነው።

የቁጥር ነገር ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 ሂሳብም ቢሆን እጅግ ሰፊ ከሆነ ልምድ የተጠራቀመ ድምዳሜ ነው አለ። ጎትሎብ ፍሬጌ በ1884 ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ በዓይን ያልታዩና ሊታዩ የማይችሉ ትልልቅ ቁጥሮች ስሌት በልምድ ሊረጋገጥ አይችልም፤ የቁጥር ሂሳብ በሙሉ ከአመክንዮ ብቻ ይወጣል ብሎ ተነሣ። ይህን ለማስረዳት በኋላ የጻፈው ሥራ ሁለተኛ ቅጽ በማተሚያ ቤት ሳለ፣ በ1902 ከበርትራንድ ራስል ደብዳቤ ደረሰው። ፍሬጌ ግልጽ ነው ብሎ የተቀበለው አንድ መርህ፣ ራሳቸውን በአባልነት የማይዙ ስብስቦችን ሁሉ የሚያቅፍ ስብስብ እንዲኖር ይፈቅድ ነበር። ያ ስብስብ ራሱን ይይዛል ከተባለ አይዝም፤ አይዝም ከተባለ ይይዛል። ይህ ታሪክ በደንብ ሊጤን ይገባዋል። ግልጽ የሚመስል መርህ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል፤ ሐሰትነቱን ያጋለጠው ግን ሙከራም መሣሪያም አልነበረም። በማሰብ የተሠራውን ስህተት ያረመው ማሰብ ራሱ ነው።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የቪየና ክበብ የተባለው የፈላስፎች ቡድን አባላትና እንግሊዛዊው ኤየር፣ ያለ ልምድ የሚታወቅ ሁሉ ገላጭ ብቻ ነው፤ የቃላትን አጠቃቀም ከማሳየት አልፎ ስለ ዓለም የሚናገረው የለም አሉ። በ1951 አሜሪካዊው ኩዋይን ይህንንም ናደው፤ በትርጉም እውነት በሆነና በዓለም ሁኔታ እውነት በሆነ አረፍተ ነገር መካከል ጥርት ያለ ወሰን ማስመር አይቻልም፤ እምነቶቻችን በአንድነት ነው ለልምድ ፍርድ የሚቀርቡት፣ ስለዚህ የአመክንዮ ሕግ እንኳ አንድ ቀን ሊሻሻል ይችላል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ስለ ወሰኑ አለመጥራት የተናገረውንም ማስተባበል ይከብዳል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይመልስ ያልፋል። ልምድ ከአንድ እምነት ጋር ተጋጨ፣ ስለዚህ ወይ ይህ ወይ ያ ይሻሻል ለማለት፣ መጋጨት ምን እንደሆነ የሚነግር አመክንዮ አስቀድሞ በእጅ መኖር አለበት። ላውረንስ ቦንጁር በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አስፍቶታል፤ ከታየው ወደ ያልታየው የሚወስደው እርምጃ ራሱ አይታይም፤ ቅድመ ልምድ ዕውቀትን ፈጽሞ የሚክድ ሰው ከፊቱ ካለው ቅጽበት ያለፈ ነገር አውቃለሁ የሚልበት መብት አይኖረውም።

ሶል ክሪፕኪ በ1970 በፕሪንስተን በሰጣቸው ትምህርቶች ሌላ ቋጠሮ ፈታ። ካንት የግድ የሆነውንና ያለ ልምድ የሚታወቀውን እንደ አንድ ያይ ነበር። ክሪፕኪ ግን የግድ መሆን የነገሩ፣ ያለ ልምድ መታወቅ ደግሞ የአዋቂው ጉዳይ መሆኑን አሳየ። የአጥቢያ ኮከብና የምሽት ኮከብ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቬነስ ናት። አንድ ነገር ከራሱ ሊለይ ስለማይችል ይህ የግድ እውነት ነው፤ የታወቀው ግን ሰማይን በመመልከት ነው። ማስተዋሉ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ግን ብዙዎች ሳያዩት አልፈዋል።

በሥነ ምግባር ረገድ ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ ሰውን በቅርብ ይነካል። ንጹሕን ሰው ለደስታ ብሎ ማሠቃየት ክፉ መሆኑ ከየትኛው ልኬት ተገኘ? ካንት የምግባር ሕግ ከአእምሮ ብቻ እንደሚመነጭ አስተምሯል። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1667 በእንፍራዝ እንደተጻፈ የሚናገረው «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ» ደግሞ የተለያዩ ሃይማኖቶች እርስ በርስ ሲካሰሱ ማን ይዳኛል ብሎ ጠይቆ፣ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው የልቡና ብርሃን ነው ይላል። በዚህም ብርሃን የምንኩስናን ያለማግባት ሥርዓት፣ በሙሴ ሕግ ስለ ሴቶች የወር አበባ የተጻፈውን፣ የሰውን መሸጥና መለወጥ ይመረምራል፤ መጻሕፍት የሚሉትን የሚቀበለው ልቡና ሲስማማበት ብቻ ነው። ይህን ከካንት ጋር አንድ ማድረግ አይገባም፤ የዘርዓ ያዕቆብ ልቡና ከፈጣሪ የተሰጠና በጸሎት የሚከፈት ነው፤ የካንት አእምሮ ሕጉን ለራሱ ያወጣል። የጋራቸው ግን ክፉና ደጉን ለማወቅ የግድ መጽሐፍ ማንበብ ወይም ከአንድ ወገን መወለድ አያስፈልግም ማለታቸው ነው።

ስለ ሐተታው ጸሐፊ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አውሮፓ የላከው ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟገተ። ይህ ክርክር በብራና፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በግዕዙ አጻጻፍና በደብዳቤዎች የሚፈታ የልምድ ጥያቄ ነው፤ ለኢትዮጵያ የአስተሳሰብ ታሪክም ትልቅ ነገር ነው። የልቡና ዳኝነት የሚለው መከራከሪያ ግን የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በራሱ ሚዛን ነው፤ ደራሲው የአክሱሙ ዘርዓ ያዕቆብ ሆነም ጣሊያናዊው መነኩሴ በዚህ ላይ ለውጥ የለም።